ግድግዳ የሚያየው ጎን

ሰልመር ግራጫ ጋዋኑን ሲለብስ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ድምፁን ይቀንሳል። ጋዋኑ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ኪሱም በአጉሊ መነጽሩ ክብደት ተጎትቶ ወርዷል። ግራጫ የሆነው ለወግ አይደለም። ቀለም የሚመረምር ሰው ደማቅ ነገር ከለበሰ የልብሱ ነጸብራቅ በሚመረምረው ትንሽ የባቡር ፉርጎ ላይ ያርፍና ፍርዱን ያጣምምበታል። ስለዚህ በዚያች የዊስኮንሲን የሐይቅ ዳር ከተማ፣ በትንንሽ ባቡር ሠሪዎች ክበብ ዘንድ፣ ዳኛ የሆነ ሰው ግራጫ ይለብሳል። ግራጫውን እስኪያወልቅ ድረስም ወዳጅ አያውቅም።

ያን የኅዳር ቅዳሜ ግን ወዳጅ አላውቅም ማለት ከብዶት ነበር። ጠረጴዛው ላይ የጫማ ካርቶን ተቀምጧል፤ ከካርቶኑ ኋላ ላቨርን ቆማለች። ላቨርን የአርቪድ ሚስት ናት። አርቪድ ደግሞ ሰልመር በዚህ ዓለም ከማንም በላይ አብሮት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ነበር። በጸደይ መግቢያ፣ የሐይቁ በረዶ ሊሰነጠቅ ሲል፣ ልቡ ቀጥ አለችና ሞተ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው እሱ ጀምሮት የቀረው፣ እሷ የጨረሰችው የመመገቢያ ፉርጎ ነው።

ክበቡ ብዙ ሐዲድ ቢኖረውም የሚኮራበት ባቡር አንድ ነው። አባላቱ ልጆች ሳሉ በከተማቸው ያልፍ የነበረውን አረንጓዴ የመንገደኛ ባቡር ሰማንያ ሰባት ጊዜ አሳንሰው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፉርጎ እየሠሩ ያቆሙት ነው። ማን የትኛውን እንደሚሠራ ዕጣ ሲጣጣሉ ለአርቪድ ከሁሉ አስቸጋሪው ደረሰው። ሌሎቹ ጨርሰው ባቡሩ መዞር ከጀመረ ዓመታት አለፉ። የአርቪድ ፉርጎ በሚገባበት ቦታ ግን ጎማ ብቻ ያለው ባዶ ወለል ተቀጥሎ ይጎተት ነበር፤ በዓመት አንዴ ሊያዩ የሚመጡ ልጆችም «ያኛው ለምን ቤት የለውም?» እያሉ ይጠይቃሉ። የክበቡ መልስ «ሰውዬው እየተጠነቀቀ ነው» የሚል ነበር።

ዳኛው ያላሳለፈው ፉርጎ ከዚያ ባቡር አይቀጠልም። ቅርጹ ከድሮው ፎቶግራፍ፣ ቀለሙ ከናሙናው መግጠም አለበት፤ ያውም በሁለቱም ጎን። ባቡሩ ጥግ ጥጉን ስለሚሄድ ተመልካች የሚያየው አንዱን ጎን ነው፣ ሌላውን የሚያየው ግድግዳው ብቻ ነው። የክበቡ ሕግ ግን ግድግዳ የሚያየውንም ጎን ጎን ይለዋል።

ላቨርን ቤቷን ሸጣለች። የገና በዓል ካለፈ በኋላ አሪዞና፣ ልጇ ዘንድ፣ ጠቅልላ ትሄዳለች። ክበቡ በሩን ለሕዝብ የሚከፍተው ደግሞ ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። ፉርጎው እስከዚያ ካላለፈ፣ የባሏ ሥራ ከባቡሩ ጋር ሲዞር ሳታይ መሄዷ ነው። ይህን ሰልመር ያውቃል፣ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች፤ ሁለቱም አላነሱትም።

«አንተ ነህ የምታየው?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«ተመስገን። ክሌተስ ቢሆን ሳንድዊች እየገመጠ ነበር የሚያየው።»

«ሰምቻለሁ» አለ ክሌተስ ከበሩ በኩል። «ደሞ ሳንድዊች አይደለም፣ የአጋዘን ቋሊማ ነው።» ክሌተስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሆዱ እሱን ይቀድማል፣ ምላሱ ሆዱን ይቀድማል።

ሰልመር ፉርጎውን በሁለት ጣቱ አነሣ። ፎቶግራፉን አጠገቡ ዘርግቶ በአጉሊ መነጽሩ ተያያዘው። የጣሪያው መተንፈሻዎች በየቦታቸው ናቸው። የወጥ ቤቱ ጭስ መውጫ እንደ ፎቶው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። የበሩ መያዣ ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ሆኖ ሳለ ጫፉ ላይ መታጠፊያዋን አልረሳም። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የሚበልጡ መብራቶች፣ የተቀመጡ ሰዎች።

«ይሄ ሰውዬ ባርኔጣ አድርጓል።»

«አርቪድ ነው» አለች።

ክሌተስ አንገቱን አሰገገ። «በዚያ ዘመን ባርኔጣ አድርጎ የሚበላ ሰው፣ አስተናጋጁ ኮሌታውን ይዞ ነበር የሚያስወጣው።»

«እኔ አርባ ዓመት ላስወልቀው ሞክሬ አቅቶኛል። ያንተ አስተናጋጅ ደግሞ ይሞክር።»

ሰልመር ሳቁን በአፍንጫው አሳለፈው። ለባርኔጣው ነጥብ ይቀንሳል፤ ግን በባርኔጣ የወደቀ ፉርጎ የለም። የቀረው ቀለሙ ነው።

ባቡሩ ያለው በድሮው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነው፣ በአምፖል። ቀለም ግን የሚታየው ፎቅ ላይ፣ ወደ ሰሜን በሚያየው መስኮት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት ብርሃን ነው። ሦስቱም ደረጃውን ወጡ። ሰልመር ከጥቁር የጨርቅ ከረጢት ናሙናውን አወጣ፦ መዳፍ የሚያህል ብረት፣ ከእውነተኛው ፉርጎ ላይ ተቆርጦ የቀረ፣ ፀሐይ እንዳያደበዝዘው የሚደበቅ። ከፉርጎው የወጥ ቤት ጎን አስጠጋው። ብረቱ የት አልቆ ፉርጎው የት እንደጀመረ ለዓይን ጠፋ። አረንጓዴው ዝናብ የጠገበ ጥድ ይመስል ነበር። የአርቪድ እጅ ነው፤ ሌላ ማንም እንዲህ አይቀባም።

ከዚያ አዞረውና ሌላውን፣ የመንገደኛ መተላለፊያ ያለበትን ጎን አስጠጋ። እዚያ ናሙናው ለብቻው ቆመ፣ ፉርጎውም ለብቻው። የላቨርን አረንጓዴ ቀዝቅዟል፤ ያው ጥድ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚመስለውን ይመስላል። የመንገድ ሰው አያየውም። ሰልመር ግን አንዴ ካየ ወዲያ ላለማየት አልቻለም። ፉርጎውን እንደገና አዞረው፣ መለሰው፣ ደግሞ አዞረው።

«ተናገረው በቃ» አለች።

«ሁለቱ ጎኖች አንድ አይደሉም።»

ላቨርን ከንፈሯን ነከሰች። «ቀለሙ አልቆበት ነበር። አንዱን ጎን ጨርሶ ሌላውን ሳይጀምር ነው የሄደው። እኔ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እሱ አምፖል ሥር፣ አስተያይቼ ቀላቀልኩ። አምፖሉ ሥር አንድ ናቸው፣ ሰልመር። እምልልሃለሁ።»

«ሳትምይም አምንሻለሁ። ያሳሳተሽም አምፖሉ ነው። ከተለያየ ነገር የተቀላቀሉ ሁለት አረንጓዴዎች ቢጫ መብራት ሥር ይስማሙና ቀን ላይ ይጣላሉ። ስንቱ አባላችን እዚሁ መስኮት ላይ አልቅሷል።»

«እኔ አላለቀስኩም» አለ ክሌተስ። «አለርጂ ነበረብኝ።» ከዚያ ወደ ላቨርን ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ። «ስሚ እንጂ፣ የአርቪድን ጎን ወደ ሰው፣ ያንቺን ወደ ግድግዳ እናደርገዋለና። ግድግዳው ለማን ይናገራል?»

«አርቪድ ይህን ሲሰማ ምን ይልሃል?»

ክሌተስ አሰበ። «ይሰድበኛል» አለ በመጨረሻ።

ሰልመር ሕጉን ለማስረዳት ያህል «ቀላሉ መንገድ ሁለቱንም ጎን ካንድ ብልቃጥ መቀባት ነው» አለ። ቃሉ ሳያልቅ ግን ላቨርን ፉርጎውን ከእጁ ወስዳ የአርቪድን ጎን በመዳፏ ሸፍናው ነበር።

«የእሱን ጎን አልነካም። ያንን ጨርሶ ነው ‹የቀረውን ነገ› ብሎ የተነሣው።»

መስኮቱ ላይ የበረዶ ብናኝ ተንኳኳ። ሰልመር በዓመታት ውስጥ ለስንት ሰው ያላት ቃል ያን ቀን አፉ ውስጥ ድንጋይ ሆነችበት። «ዛሬ አያልፍም፣ ላቨርን» አለ።

«እሺ» አለችና ፉርጎውን ካርቶኑ ውስጥ መልሳ በጥጥ ትጠቀልለው ጀመር።

በክበቡ ወግ፣ በአንድ ሥራ ላይ እጁን ያስገባ ሰው ያንን ሥራ አይዳኝም። ሰልመር በሌላ ሰው ፉርጎ ሥራ ገብቶ የማያውቀው ለዚህ ነው፤ ብሩሽ እንኳ አቀብሎ አያውቅም። አሁን የጋዋኑን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፣ አወለቀው፣ ለክሌተስ ዘረጋለት።

«ምንድን ነው?» አለ ክሌተስ።

«ይሄን ፉርጎ አንተ ነህ የምትዳኘው።»

«ይሄ እኔን የት ይገባኛል? አንድ እጄ ብቻ ነው የሚያልፈው።»

«በአንድ እጅህም ይበቃል» አለ ሰልመር፤ ካርቶኑን ከላቨርን ተቀብሎም ደረጃውን ወረደ።

ሰልመር አርቪድ ከሞተ ወዲህ ላቨርን ቤት አልገባም ነበር። ዓርብ ዓርብ ሦስት ሆነው የተጠበሰ ዓሣ ይበሉ ነበር፤ ሚስት ያላገባ ሰው ስለሆነ ቤተሰብ ማለት ለእሱ ያ ጠረጴዛ ነበር። አርቪድ ሲሄድ ግን ምን ብሎ በሩን እንደሚያንኳኳ ጠፋው። አሁን ምክንያት አገኘ።

የቤቱ ዕቃ ግማሹ በካርቶን ታስሯል። በሰሜኑ መስኮት ሥር ጠረጴዛ ሳቡና የአርቪድን ብልቃጦች ደረደሩ። አርቪድ ቅመራውን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ በዓይኑ ነበር የሚቀላቅለው። ቀለሙን የሚሞክሩት በፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ነው። ላቨርን አንድ ትልቅ ድንች ለሁለት ሰንጥቃ ማንኪያዎቹን በእጀታቸው ሰካችበት፤ ድንቹ አረንጓዴ ክንፍ ያወጣ ወፍ መሰለ።

«ይሄስ?» ትለዋለች።

«ይድረቅ መጀመሪያ። ሲደርቅ ይጠቁራል።»

«እኔም እንደዚያው።»

ሥራው ትዕግሥት ይፈጅ ነበር። ብርሃኑ የሚታመነው ከረፋድ እስከ ቀትር ማለፊያ ብቻ ነው። አንድ ቀን በረዶው ሜዳውን ስለሸፈነው የመስኮቱ ብርሃን ሰማያዊ ሆነባቸውና ምንም ሳይሠሩ ዋሉ። ላቨርን ድንችና የተፈጨ ሥጋ በትሪ ጋግራ አበላችው። ቀለሙ እስኪደርቅ፣ ብርሃኑ እስኪመለስ፣ ይጫወታሉ።

«ከዚያ ምድር ቤት እየወጣ ‹ላቨርን፣ ይሄን አረንጓዴ እዪልኝ› ይለኝ ነበር» አለች አንድ ጊዜ። «እኔም ሳህን እያጠብኩ ‹ያምራል› እላለሁ። ዞሬ እንኳ ሳላይ። አሁን ነው የማየው።»

ሰልመር ማንኪያዎቹን አየ። «አንድም ቀን ዋሽታኛለች ብሎ አልነገረኝም» አለ። «‹ላቨርን ወዳዋለች› ብሎ ነው ይዞ የሚመጣው።»

እሷም ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ጥቂት ተሰበረና እንደገና ተጠገነ።

የሞከሯቸው አረንጓዴዎች ሁሉ ግን አጠገቡ ይደርሱና ይቀዘቅዛሉ። ጥቁር ሲጨምሩበት ይሞታል፣ ቢጫ ሲጨምሩበት ይጮኻል። ቅዳሜው እየቀረበ ሄደ። ላቨርን አንድ ረፋድ የአርቪድን ብልቃጦች ወደ ብርሃን እያነሣች ስትመለከት አንዷ ላይ ቆመች።

«ሰልመር፣ አርቪድ ቀይ ፉርጎ ሠርቶ ያውቃል?»

«አርቪድ? የመንገደኛ ፉርጎ ብቻ። ቀይ አይወድም።»

«እንግዲያው ይሄ ለምን ባዶ ሆነ?»

ሸክላ መልክ ያለው ቀይ ነበር። ክዳኑ ከመከፈቱ ብዛት ዙሪያው የደረቀ ቀለም ተከምሮበታል፤ ሥሩ ላይ የቀረችው በጣት ጫፍ የምትጠረግ ነች። ተያዩ። እሷ በጥርስ መፋቂያ ነክራ አንድ ጠብታ አረንጓዴው ላይ ጣለችና አማሰለች። አረንጓዴው ቀይ አልሆነም፤ ትንሽ ሞቀ፣ ትንሽ ዝግ አለ፣ ንዴቱ እንደ በረደለት ሰው ትከሻው ወረደ። ማንኪያ ላይ ቀቡት፣ ጠበቁት፣ ከአርቪድ ጎን አስጠጉት።

ማንኪያው የት አልቆ ፉርጎው የት እንደጀመረ ጠፋ።

ላቨርን መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገች።

የቀረው የራሷን ጎን አጥቦ መቀባት ነበር። ለዚያ የአርቪድን ጎን በተለጣፊ ወረቀት መሸፈን ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ሲላቀቅ የሥሩን ቀለም ይዞ ሊነሣ ይችላል። ላቨርን ወረቀቱን መጀመሪያ እጇ ጀርባ ላይ ደጋግማ ለጥፋ አነሣችው፣ ሙጫው እስኪደክም። ማንም አላስተማራትም፤ አርቪድ ሲያደርግ አይታ ነው። ሰልመር የፉርጎውን ጫፍ ያዘላት፣ እሷ በመርጫው በስሱ፣ ደርባ ደርባ ረጨች። በማግስቱ ወረቀቱን ስትልጥ ሰልመር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ማየት አልቻለም።

«ዙር» አለችው። «እዚያው አለ።»

ክሌተስ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ሊዳኝ የመጣው ከአደን በቀጥታ ነው፤ ጫካ ውስጥ ሌላ አዳኝ እንዳይተኩስበት የሚለብሰውን ብርቱካንማ ጃኬት ለብሶ።

«አውልቅ» አለው ሰልመር። «ፉርጎውን በሙሉ ካሮት ታስመስለዋለህ።»

«ዳኛውን አትዘዝ። አንተ ዛሬ ረዳት ነህ።» ቢሆንም አወለቀ። ግራጫውን ጋዋን አንድ እጁን አስገብቶ ሌላውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለው። ሳቅ አልነበረም። ክሌተስ ናሙናውን ሲይዝ ሰልመር አይቶበት የማያውቀው ዓይነት ሰው ሆነ።

የወጥ ቤቱን ጎን አየ። አዞረ። የመተላለፊያውን አየ። መስኮቱ አጠገብ አደረገ፣ ራቅ አደረገ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ላቨርን የሰልመርን ክንድ ይዛ ነበር፤ ሁለቱም አላስተዋሉትም። ክሌተስ እንደገና አዞረው፣ ደግሞ አዞረው። ፊቱ ተጨማደደ።

«ጥፋት አለው?» አለች ላቨርን፣ በቀጭን ድምፅ።

«ለባርኔጣው እቀንሳለሁ። እሱ ግልጽ ነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ግን አንድ ነገር ጠፋኝ። የአርቪድ ጎን የቱ ነበር?»

ክሌተስ ተራ በተራ አያቸው፤ ከዚያ ራሱን ዝቅ ዝቅ አድርጎ ነቀነቀና «አይ፣ አትንገሩኝ» አለ። «አልፏል።» አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰልመር አለርጂውን አላነሣበትም።

ቅዳሜ ምድር ቤቱ በእርጥብ ቦት ጫማና በልጆች ጫጫታ ተሞላ። ክሌተስ ባዶውን ወለል ከባቡሩ ፈቶ የመመገቢያውን ፉርጎ በቦታው ቀጠለው። መብራቱ ሲጠፋ የትንንሾቹ መስኮቶች ብርሃን ብቻ ቀረ። ባቡሩ ተነሣ፤ አረንጓዴው መስመር ከድልድዩ ወጥቶ በሐይቁ ዳር ታጥፎ በልጆቹ ፊት አለፈ። ልጆቹ ሎኮሞቲቩን ጠቆሙ፣ የመጨረሻውን ፉርጎ ቀይ መብራት ጠቆሙ። ያኛው ለምን ቤት የለውም ያለ አልነበረም።

«ማንም ለይቶ አላየውም» አለች ላቨርን በሹክሹክታ።

«አዎ» አለ ሰልመር። «ዓይን ሳይደናቀፍ አለፈ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ነጥብ እኔ ሰጥቼ አላውቅም።»

ከዚያ እጇን ይዞ በጠረጴዛው ሥር ባለችው ዝቅተኛ በር አሾለካት። ከሐዲዱ ኋላ፣ በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል፣ ለጥገና የሚገቡባት ጠባብ መተላለፊያ አለች። ጎንበስ ብለው ገቡ፤ የሁለቱም ጉልበት ተንቋቋ። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ አቧራና የሞቀ ሽቦ እየሸተታቸው ቁጢጥ አሉ።

ባቡሩ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። በዚህ በኩል የጓዙ ፉርጎ፣ የመቀመጫዎቹ፣ ከዚያ የእሷ ጎን። ረጅም፣ አረንጓዴ፣ መስኮቶቹ የበሩ፣ ከፊቱም ከኋላውም ካለው የማይለይ። ፊቷን እያበራ አለፈ።

ብዙ ቆዩ። «አሪዞና ብርሃኑ እንዴት ነው ይላሉ?» አለች።

«ኃይለኛ ነው። ቀለም አይምርም ይላሉ።»

«እንግዲያው ቀለሜን መጥቶ የሚያይልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ቢያንስ በክረምት።»

ሰልመር ጠባቧ ቦታ ውስጥ የሚያደርገው ስላጣ ጋዋን በሌለበት ደረቱ ላይ ቁልፍ ፈለገ። «ዓርብ ዓርብ እዚያ ዓሣ ይገኛል?» አለ።

«አይመስለኝም።»

«ምን እንበላለን ታዲያ?»

ላቨርን ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። «ዝም በል፣ ሰልመር» አለችው፣ ወደ መታጠፊያው እያየች። «እየመጣ ነው።»